በለሆሳስ የመጣችው ጀልባ

ፋሲካ አምላኩ ከደብረ ታቦር እስከ ሐሙሲት ባለው መንገድ ሁሉ ለራሷ አንድ ነገር ስትምል መጣች፤ ይሻውን ብታገኘው አንዲት ቃል ላታናግረው። ከሐሙሲት በባጃጅ ወደ ሐይቁ ስትወርድም ይህንኑ ደገመች። ጣና ዳር ደርሳ ጭቃው ላይ ስትቆም ግን መሐላዋ ያላሰበችው እንቅፋት ገጠመው። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን እንዳጥለቀለቀው ነበረና ወደ ወላጆቿ መንደር ወደ ሸምበቆ በር የሚወስደው የእግር መንገድ ገና ከውሃ በታች ነው። በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዳር የቆመች ጀልባ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ነጂዋም ይሻው ነው። ቂም መያዝ ለማንም አይከብድም፤ ቂም በያዙበት ሰው ጀልባ ላይ ተቀምጦ ቂምን ማጽናት ግን ብርቱ ልብ ይጠይቃል።

ይሻው ባያት ጊዜ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። ለአንድ አፍታ ተያዩ። ፋሲካ በፊቱ ላይ የበደለኛን ሐፍረት ለማየት ተዘጋጅታ ነበር፤ ያየችው ግን እንቅልፍ ከተለየው የሰነበተ ሰው ዓይን ነው። ይህም ይበልጥ አናደዳት፤ የተቆጣ ሰው የተቆጣበት ሰው ሲያዝን ማየት አይወድምና።

«ወደ ቤት ነው?» አላት።

መሐላዋን ላለማፍረስ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

ይሻው እምቦጭ የተባለውን የሐይቅ አረም ለመከላከል በደብረ ታቦር በተቋቋመ አንድ ጽሕፈት ቤት የጀልባ ሠራተኛ ነው። አረሙን የምታጭደው ትልቅ ጀልባ ሆዷ ጥልቅ ስለሆነ ከዳር አትጠጋም፤ ስለዚህ ሰውና ዕቃ ከእርሷ ወደ ምድር የምታደርስ ትንሽ ጀልባ ከኋላዋ ታስራ ትከተላታለች። ዓሣ አስጋሪዎቹ ትልቋን «ላሟ»፣ ትንሿን «ጥጃዋ» ይሏቸዋል። የጥጃዋ የቀድሞ ሞተር በቤንዚን የሚሠራ፣ ጢሱ ዓይን የሚያቆስል፣ ጩኸቱ ከቀበሌ ቀበሌ የሚሰማ ነበር። አሁን ግን ይሻው ከመጠለያው ውስጥ አንድ ቀለል ያለ ሞተር እንደ ጀበና በአንድ እጁ አንጠልጥሎ አመጣና ከጀልባዋ ጀርባ ገጠመው። በላሟ ጣሪያ ላይ በፀሐይ ኃይል ሲሞላ የዋለውን ባትሪ አገናኘ፤ ፋሲካ ተሳፍራ ከተቀመጠች በኋላም እጀታውን በቀስታ ጠመዘዘ። ምንም አልተሰማም። ዳሩ ብቻ እነርሱን ትቶ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።

የቀድሞው ሞተር ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ዝም ያሉት በጩኸቱ ምክንያት እንደ ሆነ ማስመሰል በተቻለ ነበር። ይህኛው ምንም አይሸፍንም። እርሱ ምራቁን ሲውጥ ይሰማታል፤ እርሷ ነጠላዋን ስታስተካክል ይሰማዋል። ሊተነፍስ ፈልጎ የተወው ትንፋሽ ሁሉ በውሃው ላይ ግልጥ ሆኖ ይቆጠራል።

የመከራውም ሥር ይህ ዝምታ ነበር።

የፋሲካ አባት መሪጌታ አምላኩ አምና የይሻውን የጋብቻ ጥያቄ የመለሱት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የይሻው አባት ገሰሰ በእብናት የታወቀ ብረት ቀጥቃጭ መሆኑ ነው። ባላገር በቀጥቃጭ ማረሻ አርሶ፣ በቀጥቃጭ ማጭድ አጭዶ፣ ጎተራውን ከሞላ በኋላ ከቀጥቃጭ ጋር መጋባትን የሚጠየፍበት ክፉ ልማድ ዛሬም ፈጽሞ አልሞተም፤ በዜማ ዕውቀታቸው አገር ያከበራቸው መሪጌታም ከዚህ እድፍ አልነጹም ነበር። ሁለተኛውን ምክንያት ግን በአደባባይ ተናገሩት። ቅዳሴ መሐል እንደ እብድ ውሻ የሚጮኽ ዕቃ ይዞ ሐይቁን የሚያምስ ሰው አማቼ አይሆንም አሉ። ይሻው አባቱን ሊለውጥ አይችልም፤ ሊለውጥም አይወድም። ሞተሩን ግን ለወጠ። ጽሕፈት ቤቱን ደጅ ጠንቶ፣ አለቆቹን ለምኖ፣ ይህን ድምፅ የሌለውን ሞተር አስመጣ። ባለፈው ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሦስት ሽማግሎችን በጥጃዋ አሳፍሮ፣ መሪጌታን ደስ አሰኛለሁ ብሎ፣ ኮሽታ ሳያሰማ ወደ ሸምበቆ በር ወሰዳቸው።

እነሆ ስሕተቱ። ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከመሪጌታ ደጅ ቆሙ። ግቡ ቢባሉ አልገቡም፤ ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም፤ ዓይናቸውን ከመሬት ተከሉ። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ወጉ እንዲህ ነው። ነገር ግን መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሽማግሌም አቋሙ ከዚህ አይለይም። የሚለየው አመጣጡ ነው። ልጅ ሊጠይቅ የሚመጣ ከሩቅ ተጣርቶ፣ ውሻ አስጩኾ፣ ጎረቤት አይቶት ይመጣል። ጎሕ ሲቀድ ሳይሰማ ደጅ ላይ የሚገኝ ግን መርዶ ነጋሪ ነው። የቀድሞው ሞተር ማንም ሳያዘው ያን የማስታወቅ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ይህን ደግሞ ማንም ልብ አላለውም። ፋሲካ ከዚያ ሰኞ በፊት በዋለው ቅዳሜ እመጣለሁ ብላ፣ የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት ስታርም ከደብረ ታቦር ሳትወጣ ቀርታለች። የስልኩ ኔትዎርክ ጠፍቶ ሰንብቷል። እናቷ ወይዘሮ በለጠች ወተት ልታልብ ብቅ ስትል ሦስቱን ሽማግሎች፣ ከታችም ከውሃው ዳር ራሱን ዝቅ አድርጎ የቆመውን ይሻውን አየች። የወተቱን ዕቃ ጥላ ጮኸች። የሽማግሎቹ አፈ ጉባኤ አያ ሙላቴ አፋቸውን ሳይከፍቱ መንደሩ ግቢውን ሞላው፤ ለቅሶ ቆመ።

ልጅቱ ደኅና እንደ ሆነች፣ የመጡትም ሊጠይቋት እንደ ሆነ አያ ሙላቴ በመጨረሻ ጮኸው ባስረዱ ጊዜ ወይዘሮ በለጠች ተዝለፍልፋ ወደቀች። መሪጌታ አምላኩም እንባቸው በጺማቸው ላይ ሳይደርቅ፣ ያች ጀልባ ዳግመኛ መሬታቸውን እንዳትነካ በእመቤታችን ስም ማሉ።

ፋሲካ ይህን ሁሉ የሰማችው ማግሥቱን ኔትዎርኩ ሲመለስ ነበር። እናቷ በስልክ ያለችው ጥቂት ነው፤ «እስኪ ደግመሽ ተናገሪ፣ ድምፅሽን ልስማው» ብቻ እያለች ታለቅስ ነበር። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ፋሲካ የይሻውን ስልክ አላነሣችም።

አሁን ግን ከውሃው መንገድ አጋማሽ ሲደርሱ የገዛ መሐላዋ ከበዳት።

«እናቴን ገድለህብኝ ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ።

እንዲከራከራት ፈልጋ ነበር። አላሰብኩም፣ አላወቅኩም፣ ለአንቺ ብዬ ነው እንዲላት፣ እርሷም መልስ አጥታ እንዳትቀር ከደብረ ታቦር ጀምሮ ያሰናዳችው ብዙ ቃል ነበራት። እርሱ ግን እጀታውን ይዞ ወደ ፊት ያያል።

አንድ ሌላ ነገርም ሲከነክናት ሰንብቷል። የጎረቤታቸው ልጅ መክሊት በስልክ ስታወራት፣ አባቷ ለቅሶው ላይ አገር ያልጠበቀውን ቃል ተናገሩ ብላ፣ ምንነቱን ስትጠይቃት እኔስ አፌ አይችለውም ብላ ዘግታባታለች። ፋሲካ ይሻውን ጠየቀችው።

«ሰምተሃል አይደል? አባቴ ምን አሉ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ንገረኛ።»

«አልነግርሽም» አላት በቀስታ። «ሰው በመርዶ ሰዓት የሚለው የእርሱ አይደለም፣ የሐዘኑ ነው። አያ ሙላቴ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ በቃሉ እንያዘው፣ ምስክሩ አገር ነው ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኳቸው።»

«በምኑ ነው የሚያዙት?»

ይሻው ነገሩን ቀየረ። ከእንግዲህ ሽማግሌ እንደማይልክ፣ በሐይቁ ሌላ ዳር ወደሚሠራው ቡድን ለመዛወር እንደ ጠየቀ፣ ሰኞ እንደሚሄድ እንደ ተራ የሥራ ነገር አድርጎ ነገራት። ድምፁ አልተለወጠም። ፋሲካ ግን የጀልባዋን ጠርዝ ያዘች።

በዚህ መካከል ጥጃዋ እንደ መንቀጥቀጥ አለችና ቆመች። የእምቦጭ ሥር ውሃ በሚቀዝፈው መዘውሯ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ይሻው ሞተሩን ወደ ላይ አጥፎ አነሣው፤ ተንበርክኮም ሥሩን መፍታት ጀመረ። ፋሲካ ሳታስብ ከጎኑ ተንበረከከች። አረሙ የእናቷን ድውር ፈትል ይመስል የተወሳሰበ ነው፤ አንዱን ጫፍ እርሷ ስትይዝ ሌላውን እርሱ ይፈታል። ጣቶቻቸው በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ተነካኩ፤ ማንኛቸውም ወደ ኋላ አልሸሸም።

«ፈጥነህ ብትነዳው ቶሎ እንደርስ ነበር» አለች፣ ሌላ የምትለው አጥታ።

«ሲቸኩሉበት ባትሪው መንገድ ላይ ያልቃል። ሲታገሡት ያደርሳል።» ከዚያም ፈገግ ሊል ቃጣው። «ባለቤቱን ነው የሚመስለው።»

ፋሲካ ቂሟን ፈለገችው፤ ካስቀመጠችበት ቦታ አጣችው። በስፍራው የቀረው፣ ይህ ሰው ሰኞ እንደሚሄድ ማወቋ ብቻ ነበር።

ከሸምበቆ በር ዳር ጥቂት ሲቀራቸው ይሻው ሞተሩን አቆመ። ውሃው እስከ ጉልበት ይደርሳል።

«ከዚህ አልጠጋም» አላት። «አባትሽ ምለዋል።»

«ውሃ ውስጥ ልታወርደኝ ነው?»

«መሐላቸውን በእኔ ጀልባ ከምታፈርሺባቸው ቀሚስሽ ቢረጥብ ይሻላል።»

ጀልባዋ እንዳትናወጥ አጥብቆ ያዘላት። ፋሲካ ጫማዋን ይዛ ወረደች፤ ውሃውን እየሰነጠቀች ወደ ምድር ወጣች። ዘወር ስትል ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ሊሰናበታት እንደ ሆነ ገባት፤ እርሷ ግን የመሰናበቻ ቃል ከቶ አላሰናዳችም ነበርና ዝም ብላው ሄደች፤ ዝምታዋም እስከ ቤቷ ድረስ አቃጠላት።

ወይዘሮ በለጠች ልጇን ከደጅ ተቀብላ እንደ ዕውር ዳሰሰቻት። ግንባሯን፣ ትከሻዋን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካች። ገላሽ ሙቅ ነው፣ ሙቅ ነው እያለች ለራሷ ታወራለች። ከዚያም እጇን ሳትለቅ ወደ ጓዳ ወስዳ፣ መክሊት መናገር ያቃታትን ነገር ነገረቻት። አባትሽ ለገዛ እናቱ ለቅሶ እንኳ ድምፁን ያላሰማ ሰው ነበር አለች። ያን ዕለት ግን ጥምጥሙን ከራሱ ጣለ፤ ደረቱን እየደቃ፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማው አለቀሰ።

«ምን ብለው?» አለች ፋሲካ።

እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «‹ፋሲካዬ፣ በወደድሽው ሰው ዘር ስቆጥርበት፣ ዘር የማይቆጠርበት ሞት ቀደመኝ። ምነው ለእርሱ ሰጥቼሽ በነበር፤ ምነው በሕይወት ሰጥቼሽ በነበር› አለ። ይኸው ነው ልጄ። እኔ ልቤን ስቼ ስለ ነበር ሌላውን አልሰማሁም። ይህን ግን ሰማሁ።»

ፋሲካ ተቀመጠች። በዕድሜዋ ሁሉ ከአባቷ አፍ «ፋሲካዬ» የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም። ይህን ቃል ለመስማት መሞት ነበረባት። ሞታም አልሰማችውም፤ የሰማው ይሻው ነው። ሰምቶም እንደ አደራ ዕቃ ሳይነካው መለሰው።

መሪጌታ አምላኩ ከቅጥሩ በር በስተ ውጭ ከዋንዛው ሥር፣ ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከሰኞ ወዲህ የሰው ዓይን ማየት አቅቷቸው እንደ ነበር ወይዘሮ በለጠች ተናግራለች። ፋሲካ ጉልበታቸውን ሳመች።

«ደኅና ገባሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ።»

«በምን መጣሽ?»

«በጥጃዋ ነው የመጣሁ።»

«መሬቴን ነካች?»

«አልነካችም። ውሃ ውስጥ አቁሞ ነው ያወረደኝ።»

መሪጌታ የቀሚሷን ርጥብ ጠርዝ ተመለከቱ። 

«የተናገርኩትን ነገረሽ?»

«ብለምነው አልነግርሽም አለኝ። የነገረችኝ እናቴ ናት። አያ ሙላቴ በቃላቸው እንያዛቸው ቢሉትም እምቢ ብሏል። ሰኞ ወደ ሌላ ዳር ተዛውሮ ሊሄድ ነው።»

«እምቢ አለ?» አሉ ሽማግሌው። መቋሚያቸው በእጃቸው ውስጥ ዞረ። «አገር ምስክር ሆኖለት፣ አንገቴን ይዞ ሊጠይቀኝ ሲችል?»

 ፋሲካ ልትጠይቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ እርሱንም ለመጠየቅ ከጣና ውሃ የሚበልጥ ጥልቅ ነገር መሻገር ነበረባት።

«አባባ፣ ያን ጊዜ ያሉት እውነት ነበር ወይ?»

መሪጌታ አምላኩ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ዓይን አዩ፤ ያዩትም የልጃቸውን ነው።

«ሰው በሐሰት እንዲያ አያለቅስም» አሉ።

ተነሡም። መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ውሃው ወረዱ፤ ፋሲካ ተከተለቻቸው፤ ወይዘሮ በለጠችም ምን ሆናችሁ እያለች ከኋላ ደረሰች። ይሻው የመዘውሩን ቀሪ አረም ሲያጸዳ ቆይቶ ተነሥቶ ነበር። ጥጃዋ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ውሃውን እንደ ሐር እያጠፈች፣ ያለ ድምፅ ወደ ሐይቁ መሐል ርቃ ሄዳለች። በጀልባዋ ላይ ያለው ሰው ዘወር አይልም። 

ያን ጊዜ መሪጌታ በማሕሌት ቅኔ ማሕሌቱን የሚያናውጡበትን ድምፃቸውን ለቀቁት።

«ይሻው!»

እስከዚያች ቀን ድረስ ስሙን ጠርተውት አያውቁም፤ «ያ የገሰሰ ልጅ» ነበር የሚሉት። ስሙ በውሃው ላይ ሄደ። ያ የቀድሞው ሞተር ቢሆን ኖሮ ማንም ቢጣራ፣ ሰማይ ቢጣራም፣ በጩኸቱ ውስጥ ሰጥሞ በቀረ ነበር። ይህኛው ግን ጥሪውን የሚቃወም ድምፅ አልነበረውም። የጥጃዋ አፍንጫ ቀስ ብሎ ዞረ።

ይሻው ከጉልበት ውሃ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ሞተሩን አቆመና ራሱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ። መሪጌታ ከዳር ቆመው ጀልባዋን ተመለከቱ፤ መሐላቸውም ትዝ አላቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ውሃው ውስጥ ገቡ።

«የኔታ፣ ይረጥባሉ» አለ ይሻው ደንግጦ። «እኔው ልውረድ።»

«ልብስ ቢረጥብ ይደርቃል። መሐላ ከፈረሰ ማን ይጠግነዋል? ምድሩ የእኔ ነው፤ ውሃው የፈጣሪ ነው።» እየተራመዱ ደረሱ፤ እጃቸውንም ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ አሳረፉ፤ ለመደገፍ ይሁን ለመባረክ አይለይም። «ስማኝ። አባትህን ገሰሰን አስቀድመህ፣ ሽማግሎችህን ደግመህ ላክ። ያን ዕለት በእንባዬ የተናገርኩትን በሰላም ቀን ልድገምላቸው።»

ይሻው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነገር ግን» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸውን ለማጠንከር እየሞከሩ፤ «ከመሐል ሐይቅ ጀምረው ይጣሩ። ጉሮሮ ያለው ሽማግሌ ምረጥ። በለጠች ሁለተኛ መርዶ አትችልም።»

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ በጀልባዋ ላይ ያረፈውን እጅ ሳመ። መሪጌታ እጃቸውን አልሳቡም። ይልቁንም ወደ ሞተሩ አሻግረው አዩ።

«ቅዳሴ ላይም እንዲህ ጭጭ ይላል?»

«ጭጭ ይላል፣ የኔታ።»

«እኮ፤ መልካም ነው።»

ሁለቱም ቀድመው ለመለየት አልፈለጉም፤ አንዱ በጀልባዋ ላይ፣ ሌላው በጉልበት ውሃ ውስጥ ቆመው ቀሩ። ከዳር ወይዘሮ በለጠች የልጇን እጅ፣ ዳግመኛ እንዳይነጥቋት የፈራች ይመስል፣ በሁለት እጇ ጨብጣለች። ይሻው ቀና ሲል ዓይኑ ከፋሲካ ዓይን ጋር ተገናኘ። ከመካከላቸው አንዲት ድምፅ አልነበረችም። ፋሲካም በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ የአባቷ ድምፅ የጠራው የዚያ ስም ዜማ ገና ከጆሮዋ ሳይወጣ፣ በሕይወት መኖሯን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀች መሰላት።